የዓርብ ጥብስ

ደራሲ ዓለምሰገድ ሦስት የወንጀል ልብ ወለድ አሳትሟል፤ በሦስቱም ገዳዩ ዘበኛው ነው። ይህን አንባቢ አልነቃበትም ብሎ ያምናል። አራተኛው መጽሐፉ ሳንሱር ገብቶ ስምንት ወር ሲያስቆጥር ግን ያ ሁሉ ኩራት ሟሸሸ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ባለሥልጣን ፍለጋ የማያንኳኳው በር ጠፋ።

ባለሥልጣኑ ራሱ ፈለገው። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ነው። ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ያለ የአንድ ቀበሌ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ፣ ሽፈራው የሚባል፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ዳር ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መኩሪያ ደራሲውን አስጠራው።

"አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት፤ ዳተኛ ፖሊስ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም" አለው። "የዚህ ነገር ሊቅ እርስዎ ነዎት። መርምረው ሪፖርት ያቅርቡልን። እኛ ደግሞ ስለ መጽሐፍዎ ለሳንሱር እንጽፋለን።"

ደራሲው ወዲያው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ የምታየው አፀደ፣ የቀበሌው ታይፒስት፣ ከጽሕፈት መኪናዋ ጀርባ ሆና በልቧ "ውሻ በበላበት ይጮኻል" አለች።

ምርመራው ሳይጀመር ተጠርጣሪው ታስሯል። ሙነወር ይባላል፤ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ሽፈራው ሲሞት የለበሰው አዲስ ኮት ሙነወር የሰፋው ስለሆነ፣ ሙነወርም ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ያንን ኮት ተሸክሞ ሲሄድ ስለታየ፣ ጓድ መኩሪያ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ከደራሲው የሚፈለገው መጨረሻው ላይ "ርምጃ ይወሰድበት" የምትል ሐረግ ብቻ ነበረች። በዚያ ዘመን ርምጃ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር።

ሙነወርና ሚስቱ ሐሊማ የአፀደ የግድግዳ ጎረቤቶች ናቸው። የአፀደ ባል ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ወዲህ፣ እሷ ቢሮ ስትውል ልጆቿን ከልጆቻቸው ጋር የሚያበሉላት እነሱ ነበሩ። አሁን ያ ሰው እጁን የፊጥኝ ታስሮ ፊቷ ቆሟል፤ ቃሉን የምትጽፈውም እሷ ናት።

"ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ኮቱን ይዤለት ፈለቀች ምግብ ቤት ሄድኩ" አለ ሙነወር። "ጥብስ እየበላ ነበር፤ ከጓድ መኩሪያ ጋር። ኮቱን ለካው፣ ልክ ሆነለት፣ መርቆኝ ወጣሁ። ወላሂ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።"

አፀደ ቀና አለች። ጓድ መኩሪያ ከሐሙስ ወዲህ ሽፈራውን በዓይኔ አላየሁትም ብሎ ትናንት ያስጻፈው እሷኑ ነው። ደራሲው ግን ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። እስረኛው ወደታሰረበት መጋዘን እስኪመለስ እንኳ በጭንቅ ታግሦ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

"ተያዘ! ዓርብ! ጥብስ! ሽፈራው ከካድሬ ተደብቆ የሚጾም ሰው መሆኑን አገር ያውቃል። የሚጾም ሰው ዓርብ ቀን ጥብስ ይበላል? አይበላም! ሰውየው ሙስሊም ነው፤ ጾማችንን አያውቅም፤ ሲዋሽ እዚህ ላይ ተሰናከለ። ጻፊ! የሊቀ መንበሩን ስም ደግሞ አውጪው፤ ውሸታም በጠራው ስም ሪፖርት አናቆሽሽም።"

የአፀደ እጅ የጽሕፈት መኪናው ቁልፎች ላይ እንዳለ ቀረ።

ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ሃያ ሁለት ነው። ያ ዓርብ ግንቦት አራት ነው። ሃምሳው ገና አሥራ ሦስተኛ ቀኑ! በሃምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ይህን እንኳን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያን ደንበኞች ያሉት ሙነወርም ጠንቅቆ ያውቀዋል። የማያውቀው ይህ የተማረ ጉድ ብቻ ነው። አብዮቱ እንደፈነዳ ካድሬ እያየው ማተቡን በጠሰ፤ ከዚያ ወዲህ ተራማጅነቱ እንዲታይለት ዓርብ ዓርብ ክትፎ ቤት በር ላይ ይቀመጣል። እንኳን ሃምሳን ፋሲካንም ረስቷል። ከሃይማኖቱ የተረፈው ዓርብ ጾም መሆኑን ማወቁ ነው፤ እሷኑ አውጥቶ ሰው ሊሰቅልባት!

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ የሰውየው ዓይን ላይ ያለውን ደስታ አየችና ዘጋችው። ይህ ሰው የሚፈልገው እውነት አይደለም፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ነው። ይህ ስህተት ነው ብትለው በሰዓት ውስጥ ሌላ የማያሳፍር ማስረጃ ይፈጥራል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ስህተቱ እንዳለ ቢወጣ ግን ሕዝብ ፊት ሲነበብ ራሱን ያጋልጣል።

"ላስምርበት?" አለችው።

"ሁለት ጊዜ አስምሪበት!"

ጓድ መኩሪያ ሪፖርቱን አላነበበውም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ሙነወር የሚለውን ስምና ርምጃ የሚለውን ቃል አየ፤ ፈረመ። እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ የቀበሌው የበላይ የሆነው የከፍተኛው ተወካይ ባለበት፣ ደራሲው ራሱ እንዲያነበው ተወሰነ።

እስከዚያ ድረስ አፀደ እህል አልወረደላትም። ማንም ባይናገርስ? ሕዝቡ ፈርቶ ዝም ቢልስ? ያኔ የሐሊማን ባል በገዛ እጇ ጽፋ ገደለችው ማለት ነው። ሐሊማ ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ ትሰማለች።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ግማሹ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጣ ነጠላውን እንኳ አላወለቀም። ጓድ ኃይለኪሮስ፣ የከፍተኛው ተወካይ፣ ከጓድ መኩሪያ ጎን ተቀመጠ፤ ሙነወር እንደታሰረ ከመድረኩ ሥር ቆመ። ደራሲው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ወታደር የጫነ አውሮፕላን ከቦሌ እየተነሳ በላያቸው ባለፈ ቁጥር ያቆምና፣ ጸጥ ሲል ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ከነግርማው ይደግመዋል።

"ሟቹ ጾመኛ ነበር!" አለ ጣቱን ቀስሮ። "ዕለቱም ዓርብ ነበር! ታዲያ ጓዶች፣ ጥብሱን ማን በላው?"

አፀደ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም ጫማውን ያጠናል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እንግዲህ እኔው ልናገር ብላ ከወንበሯ ስትነሳ፣ ከኋላ እማማ የሺመቤት፣ ጆሯቸው ስለሚከብድ ሹክ ያሉ የመሰላቸው፣ ጮክ ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

"ምን ነካው ይሄ ሰውዬ? በሃምሳ ደሞ ምን ጾም አለ?"

መጀመሪያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ፈነዳች። ቀጥሎ ወንበሩ ሁሉ። ዓመት ሙሉ እንባውን የዋጠ ሕዝብ ሳቁን መዋጥ አልሆነለትም፤ በር ላይ ያለው አብዮት ጠባቂ እንኳ ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። ጓድ ኃይለኪሮስም ሳቀ፤ ከዚያ ድንገት ተወው።

"ጾም ካልነበረ እስረኛው አልዋሸም" አለ። "ሟቹ ጥብስ በልቷል። ከማን ጋር ነበር?"

"ከጓድ መኩሪያ ጋር" አለ ሙነወር። "ያን ጊዜም ብያለሁ፤ አልጻፉልኝም።"

ባለ ምግብ ቤቷ ፈለቀች ብድግ አለች። "ለሁለት ሰው ነው ያቀረብኩት። ለግንባር ተመድቦ ስለጎደለው ስኳር ይጨቃጨቁ ነበር። ሽፈራው ለበላይ አካል እናገራለሁ አለው። ተያይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ።"

"እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?" አላት ኃይለኪሮስ።

"ማን ጠየቀኝ?" አለችና ደራሲውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ጓድ መኩሪያ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ኃይለኪሮስ ቀደመው፤ ጠባቂዎቹም ያዙት። የሙነወርን ገመድ የፈታችው ሐሊማ ናት፤ በጥርሷ።

አዳራሹ ሲበተን ደራሲው የተበተኑ ወረቀቶቹን ለቃቅሞ ወደ አፀደ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ምነው ታዲያ ብትነግሪኝ! አርመው ነበር እኮ!"

"ለዚሁ ነው ያልነገርኩዎት" አለችው።