የዘጠነኛው መንገድ ሰዓት

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ታላቅ ወንድሜ መናፈሻው በር ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን አየና «ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። 3፡20። ዘጠነኛውና የመጨረሻው መንገድ ነበር።

ወንድሜ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የእግር መንገዶችን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ዛፍ ላይ ቢጫ ምልክት ይቀባል፣ የበሰበሰ የድልድይ ሳንቃ ይቀይራል። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ለእግረኞች በራሪ ወረቀት ይታተማል፤ የትኛው መንገድ በየት እንደሚያልፍና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚናገር። ሰዓቱን የሚለካው እሱ ነው። ራሱ ይሄዳል፤ ሲነሣ ይጽፋል፣ ሲደርስ ይጽፋል፤ መሀል ላይ ምንም አይቀነስም። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ከአሮጌው ወረቀት ይገለብጥ ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ያንን አምነው ገብተው ጫካው ውስጥ መሽቶባቸዋል። ወንድሜ ይህን ባወራ ቁጥር ልክ ትናንት የሆነ ይመስል ይናደድ ነበር። ሰፈሩ «ሜትር» ብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጫካ የሚያስገባኝ ጉዳይ አልነበረኝም። ያን ዓመት ግን ሳንባው ታመመ፤ እጁም እየተንቀጠቀጠ እርሳስ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ የነገረንን ለቢሮው አልተናገረም። «ካወቁ ለሌላ ይሰጡታል። ዘጠኙንም ራሴ ልጨርስ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ» አለኝ። ስለዚህ ከመጋቢት ጀምሮ ስፌቴን ሳልሠራ እየከመርኩ ደብተር ተሸካሚ ሆንኩ። በስምንቱ መንገዶች ከድሮው ሰዓት ያለፍነው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ያን ማንም ልብ አይለውም። በግንቦት ግን በሽታው ጠናበት።

ዘጠነኛው መናፈሻውን አቋርጦ ጫካ ይገባል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዶ አሮጌው ወፍጮ ቤት ጋ ያበቃል። አሮጌው ወረቀት አምሳ አምስት ደቂቃ ይላል።

መናፈሻው ውስጥ ስድስት አግዳሚ ወንበር አለ። አራቱ ላይ ተቀመጠ። አትክልተኛዋ የውሃ ቱቦዋን እየጎተተች መጣች።

«ሜትር! ዛሬ የምትለካው መንገዱን ነው ወንበሩን?»

«ወንበሩን። ስታጠጪው ጊዜ አድጎ እንደሆነ ልየው ብዬ።»

እሷ ሳቀች። ፊቷን ስታዞር ጠብቆ መሐረቡን አፉ ላይ አደረገ።

ዳገቱ ላይ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ዛፍ ተደግፎ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ሰባት ይሄዳል። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ስታርፍ እንኳ ሰዓቱን እናቁመው።»

«ለምን ሲባል?»

«እረፍት መንገድ አይደለማ!»

«ያስቀመጠኝ መንገዱ አይደል? እኔ ወድጄ መሰለሽ?»

«በሽታው ነው እንጂ መንገዱማ ምን አደረገህ!» ብዬ ጮህኩበት። አሁን ሳስበው ያ ጩኸት ያንገበግበኛል። እሱ ግን ዛፉ ላይ ያለውን የራሱን ምልክት በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና «ቀለሙ ለቋል፤ እንደገና መቀባት አለበት። ጻፊ» አለ። ጻፍኩ። ድካሙ ወደ እኔ ተጋብቶ ያቺ ቀጭን ደብተር ራሷ ከበደችኝ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ መንገዱ የለም። ክረምቱ ዳርቻውን ቆርሶ ወስዶታል። «አየሽ እህት ዓለም፣ ገልብጠን ቢሆን ኖሮ ሰው እዚህ ጋ ይገባልሽ ነበር» አለ፤ ያን ቀን ደስ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። በረጅሙ ሣር ውስጥ ዞረን አለፍን። ይህንም አስጻፈኝ። ከታች አንድ ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብሏል።

«አጎቴ፣ ዓሣው እንኳ ቀደማችሁ እኮ!»

«ቢቀድመን ምን ይገርማል፤ አንተ መቼ ያዝከው!» አለው ወንድሜ። ያቺን ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነፈሰ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ደረጃው ላይ ተዘረረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ አምሳ አምስት ልበል? ይሄን ካዩ ወዲያው ያውቁብሃል።»

«የሄድነውን ጻፊ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ ልክ አምሳ አምስት ደቂቃ እንዲሆን፣ የደረስንበትን 4፡15 ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ደብተሩን ለቢሮው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አገላበጠ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ስምንቱ መንገድ ሁሉ ጨምሯል። ይሄኛው ግን በደቂቃ እንኳ ዝንፍ አላለም። ደግሞ መንገዱ ተንዶ ዞረን አለፍን ይላል።» መነጽሩን አወለቀ። «አይክፋዎት እንጂ፣ ሜትርም መገልበጥ ጀመረ ማለት ነው?»

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ለእሱ ሲባል የጻፍኩት ቁጥር እሱኑ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠላው እንደኖረው ገልባጭ አደረገው።

«እሱ አልገለበጠም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እርሳሱን ከጠረጴዛው ላይ ሳላስፈቅድ አንስቼ 4፡15ን ሰረዝኩና 5፡30 ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ታሟል?»

«አዎ።»

«በጣም?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም መነጽሩን አጣጠፈ። «ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«ዘጠኙንም ራሱ ሊጨርስ ብሎ ነዋ።»

«ጨርሶታል እኮ» አለና ደብተሩን ዘጋው። «እንዳለ ይታተማል።»

ቤት ስገባ ወንድሜ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል።

«ምን አሉ?»

«ተቀብለዋል።»

«ዘጠነኛውን ስንት ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ሁለት ሰዓት ከአሥር።»

«ጎሽ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ያጠፋሁትን አልነገርኩትም።

ሐምሌ ሁለት ቀን አረፈ። በራሪ ወረቀቱ በነሐሴ መጨረሻ ወጣ፤ ዘጠነኛው መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይላል። እግረኞች «ይሄ ነገር ተሳስቷል» የሚል ደብዳቤ ላኩ፤ ኃላፊው አልመለሰላቸውም ብለው ነገሩኝ። በሁለተኛው ዓመት ሁለት አዲስ ሠራተኞች መጥተው ዘጠኙንም መንገድ በእጅ ስልካቸው ለኩ። አሁን የሚታደለው ወረቀት ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰዓት መጻፍ ቀርቷል።