ጋሽ ቧንቧ የዘጉት ውሃ

ጋሽ ቧንቧ ደረጃውን አጋምሰው ቀና ሲሉ ግቢያቸው ሲቆፈር አዩ። የሚቆፍረው ጭምቱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት መፍቻ አያያዝ ያስተማሩት፣ አሁን የራሱ ሱቅ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ውሎ ከሁለት ቃል በላይ ስለማይወጣው ጭምቱ ብለው የሰየሙት ራሳቸው ነበሩ። አጠገቡ የታችኛዋ ክፍል ተከራያቸው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች።

"ማነው የጠራህ?" አሉ የደረጃውን ብረት ጠበቅ አድርገው ይዘው።

ጭምቱ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። "ደህና አደሩ፣ ጋሼ? ቧንቧ ፈንድቷል ተብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እንዳይቀየሙኝ" አለች ልብስ አጣቢዋ። "አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ብቻዎን ሲጨነቁ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።"

መጨነቁንስ ተጨንቀዋል። ግን የፈነዳ ቧንቧ የለም፤ የጭምቱ ቁፋሮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ውሃ ያስገቡት፣ ስማቸውን እንኳ ሥራቸው የዋጠባቸው ጋሽ ቧንቧ የግቢውን ውሃ በገዛ እጃቸው ዘግተውታል።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ባለቤታቸው ከዚሁ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳያስቡ ብሎ አሰናበታቸው፤ ቤታቸው ግን ፎቅ ላይ ነው። ተከራይዋ ልብስ ልታደርስ በሄደችበት በቃሬዛ ከወጡ ወዲህ መሬት አልረገጡም። ጋሽ ቧንቧ ታችኛዋን ክፍል ሊያስለቅቁ ወረዳ ቢሮ ቢሄዱ፣ ተከራይ ማስወጣትን የከለከለው አዋጅ እስኪነሳ ድረስ ተከራይ አይነካም ተባሉ። መቼ ይነሳል ቢሉ ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ።

ተከራይዋ ደግሞ ቀላል ሰው አልነበረችም። ክፍሏን ለማደሪያ ብላ ተከራይታ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሰፈሩን አንሶላ ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ ሰቀለችው። ገና ሳይነጋ ደንበኞቿ በር ይደበድባሉ። ጋሽ ቧንቧ ብቅ ባሉ ቁጥር የማያውቁት ሰው እርጥብ ሱሪ በጥፊ ይላቸዋል። በር ነቅሎ ማስወጣት ያስከስሳል። ቧንቧ ግን በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ማን ይከሰሳል? አጣቢ ያለ ውሃ ከሳምንት በላይ አትቆይም ብለው አሰቡ።

እሷ ግን ቆየች። መስመሩ ለብቻው ከሆነው ከላይኛው ቤት ልቅዳ ብላ እንኳ ሳታስቸግራቸው፣ ከጎረቤት በጀሪካን እየተሸከመች። ባገኘቻቸው ቁጥር "አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይሠሩታል" ትላለች። ያቺ "አይዞዎት" ከስድብ የባሰች ሆነችባቸው።

"እሷን እንዳትቆጣት!" አሉ ባለቤታቸው ከላይ፣ ከመስኮቱ። እንደ ወትሮው ተበጥረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። "አስጠሪው ያልኳት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"እጅህ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ እኮ። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ቢደክም ምን ነውር አለው? አንተ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ሰው አልጠራም ትላለህ።"

ጋሽ ቧንቧ እጃቸውን ከደረጃው ብረት አንስተው ከኋላቸው ደበቁ። እጃቸውስ በእርግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚጠግኑ ለመምሰል ጉድጓዱ ዳር በተቀመጡ ቁጥር። ሚስታቸውን ዋሽተው አያውቁም ነበር።

ጭምቱ በአጥሩ ሥር ያለውን የብረት ክዳን አነሳና እጁን ወደ ውሃ መዝጊያው ሰደደ። እጁ እዚያው ቆመ።

"እህቴ፣ እስቲ ባዶ ባልዲ አምጪልኝ" አለ። ልብስ አጣቢዋ ወደ ክፍሏ ስትገባ ወደ ጋሽ ቧንቧ ዞረ። "ጋሼ፣ ተዘግቶ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመዝጊያው ጎማ አልቆ ነው እላታለሁ። አብረን ቀየርነው እላለሁ። ማንም አያውቅም።"

ከአፉ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። ለእሳቸው ሲል ሊዋሽ ነው። እሺ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ልብስ አጣቢዋ ግን ሁለት ባልዲ ይዛ እየሮጠች ወጣች።

"ሁለት አመጣሁ! የጋሼ ተማሪ ከመጣማ አንድ አይበቃም!"

መዳፏ በጨርቅ ታስሯል። የጀሪካኑ እጀታ የላጠው ነው። ጋሽ ቧንቧ ጨርቁን አይተው አፋቸውን መልሰው ዘጉ፤ ቀሪዎቹን ደረጃዎች ወርደው ፊቷ ቆሙ።

"ልጄ፣ ባልዲውን አስቀምጪው። የፈነዳ ቧንቧ የለም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንድትለቂልኝ ብዬ።"

ልብስ አጣቢዋ መጀመሪያ ወደ ጭምቱ አየች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"አሥራ አንድ ቀን?" አለች። "እኔ እኮ ስጸልይልዎት ነበር! ጋሼ አረጁ ሲሉኝ ከስንቱ ጋር ተጣላሁ መሰለዎት! ምን በደልኩዎት?"

"ምንም። እሷ ከወደቀች ወዲህ ደረጃ አትወርድም። መሬት ከረገጠች ሁለት ወሯ። ክፍልሽን ለእሷ ፈልጌ ነው።"

"እትዬ? እሳቸውማ 'እግሬ ትንሽ ሰንፎ ነው' ነው ያሉኝ!"

"ዳሌዬ ነው" አሉ ባለቤታቸው ከላይ፣ ቀስ ብለው። "ሲታዘንልኝ ስለማልወድ ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። "አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ስም ነው የሰው ውሃ የዘጋኸው?"

ጋሽ ቧንቧ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ልብስ አጣቢዋ አንዱን ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት፤ ገና አልበረደላትም።

"ቢጠይቁኝስ ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

"አሁን እንደነገሩኝ ነዋ! ልቀቂ ቢሉኝ አልለቅም፤ ደንበኛዬ የሚያውቀው ይህን የግቢ በር ነው። ግን የእኔ እግር ምን ሆነ? እትዬ ይውረዱ፣ እኔ ልውጣ። ልብሱንም ሰገነቱ ላይ አሰጣዋለሁ።"

"ላይኛው እኮ ሁለት ክፍል ነው" አሉ ጋሽ ቧንቧ፤ አከራይነታቸው ቀድሟቸው ወጣ። "በአንድ ክፍል ኪራይ?"

ጭምቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ልብስ አጣቢዋ መዳፏ ላይ የላላውን ጨርቅ በጥርሷ ይዛ አጠበቀች።

ላይኛውን ቤት አምስት ዓመት ነው የሠሩት፤ የወለሉን ሸክላ አንድ በአንድ ያነጠፉት በእጃቸው ነው። የሁለት ክፍል ዕቃ በአንዲት ክፍል እንዴት ይገባል? ቁም ሳጥኑ ብቻውን ግማሿን ይይዛል። መስኮቱን ቀና ብለው አዩት። ባለቤታቸው እሳቸውን እያዩ አልነበረም፤ ዓይናቸው ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ያረፈበት መሬት ላይ ነው።

ጋሽ ቧንቧ አጥሩ ሥር ተንበርክከው መዝጊያውን ከፈቱት። የግቢው ቧንቧ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ውሃው መጣ። ልብስ አጣቢዋ ከባልዲዋ ላይ አልተነሳችም።

"ጭምቱ፣ ሜትር ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ከዚህ እስከ ሰገነቱ እንለካ። የላይኛው መስመር ቀጭን ነው፤ ለአጣቢ አይሆንም። ወፍራሙን ነው የምንዘረጋው።"

"ኪራዩስ?" አሉ ባለቤታቸው ከመስኮቱ።

"እንደነበረው ነው" አሉና የሜትሩን ጫፍ ይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።