ከድልድዩ ስልሳ እርምጃ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴ ፀጉር ያብቅል፤ ፀጉሩንም መላጣው ጎረቤቴ ይውሰደው። ያላመነ ሄዶ ጉድጓዱን ይይ፤ እንዳይገባበት ብቻ ይጠንቀቅ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ጆሮ በከተማው ዳርቻ፣ በችግኝ መደቦች መካከል በሆዱ ተኝቷል። ረጅም ብረት መሬት ውስጥ ሰክቶ፣ ጫፉን ጆሮው ላይ ደቅኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ጆሮ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በውኃ መሥሪያ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈልግ ስለኖረ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት።

የፈረሰ ቤት ሞተ የሚል ሰው ጆሮን አያውቀውም። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው ይሸጣል፣ ድንጋዩ ይጋዛል፤ ቧንቧው ግን ተረስቶ ከመሬት በታች ይቀራል። ውኃም የዋህ ነው፤ ቤቱ ያለ መስሎት መሄዱን ይቀጥላል። ጆሮ በዚህ መንገድ ከካርታ የጠፋውን ወፍጮ ቤት ከጫማ መደብር ሥር አግኝቷል። የድሮውን ሲኒማ ቤት ደግሞ በሽንት ቤቱ ቧንቧ ነው የደረሰበት። ያን ቀን ብረቱን ሲደቅን ጭብጨባ ሰማሁ ብሏል። እኔ እንጃ፤ የሰማው እሱ ነው።

"ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?" አለ መሐንዲሱ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው ጭቃ የሚፈራ ልጅ ነው።

"ቀስ በል፤ ከታች እያናገሩኝ ነው።"

"ምን አሉዎት?"

"'ይሄን ልጅ ዝም አሰኝልን' አሉኝ።"

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከላይ ያለው ሰፈር ውኃ ካጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ውኃው ከዋናው መስመር ይነሣና ሰፈሩ ሳይደርስ የሆነ ቦታ ይቀራል። የመሐንዲሱ መሣሪያ ከችግኞቹ ሥር ነው ስላለ፣ ቆፋሪው መኪና፣ ኤክስካቫተሩ፣ መደቦቹን ከዳር እስከ ዳር ሊገለብጣቸው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። መደቦቹ ላይ ስምንት መቶ የሎሚና የብርቱካን ችግኝ አለ። ችግኝ ሻጯ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በነሱ ነው።

"ጋሼ፣ በሞቴ!" አለችው። "ቦታውን ለይተው ያግኙልኝ። ይሄ መኪና አንዴ ከገባ አለቀልኝ።"

"እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ" አለ መሐንዲሱ። "ከዚያ በኋላ ከእኔ አቅም በላይ ነው።"

ጆሮ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። መሬቱ ውኃ ጠግቦ ድምፁ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው፤ ብረቱ አልረዳውም። ነገር ግን ሌላ የሚያውቀው ነበረው።

"እዚህ የልብስ እጥበት ቤት ነበር" አለ። "እናቴ የሆስፒታል አንሶላ ታጥብበት ነበር። የሚያፈሰው የሱ ቧንቧ መሆን አለበት።"

የእጥበት ቤቱን አለቃ ሁሉም እትዬ ይሏት ነበር። ጆሮ በልጅነቱ በየጠዋቱ ከድልድዩ ጫፍ ጀምሮ እርምጃውን እየቆጠረ ይመጣል። እትዬ በር ላይ ቆማ "ዛሬ ስንት ነህ?" ትለዋለች። "ስልሳ!" ካለ ፊቱን በሞቀ ውኃ አጥባ ዳቦ ትሰጠዋለች። ከተሳሳተም ዳቦውን ትሰጠውና እንደገና ታስቆጥረዋለች። የቆጠረው ፊደል ትንሽ ነው፤ ቁጥርን ግን ከእሷ አገኘ፤ ውኃ መሥሪያ ቤትም የቀጠረው ቁጥር አዋቂ ነው ብሎ ነው። እሷ ግን እግዜር ይስጥሽ ሳይላት ሞተች።

"ከድልድዩ ጫፍ ወንዙን ይዞ ስልሳ እርምጃ" አለና ሄዶ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሁሉም በዓይናቸው ተከተሉት። ስልሳ ሲል ራሱን በብርቱካኖቹ መሐል አገኘው። ፊቱ ጠቆረ። ሊያድናት መጥቶ ፈረደባት።

ኤክስካቫተሩ እዚያው ላይ ቆፈረ። አርባ ችግኝ ሄደ። ሁለት ሜትር ሲወርዱ የወጣችው አንዲት እንቁራሪት ናት፤ እሷም ተቆጥታ።

"በቃ፣ ሁሉንም እንገልብጠው" አለ መሐንዲሱ።

ችግኝ ሻጯ የተሰበረ የብርቱካን ችግኝ በእጇ እንደያዘች ጆሮ ፊት ቆመች።

"ቆይ ጋሼ፤ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?"

"አምስት።"

"ታዲያ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ እንደ ግመል ነው የሚራመደው?"

ጆሮ እግሩን ቁልቁል አየ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ወይ እኔ! የሰው ቧንቧ ሳዳምጥ የራሴን እግር ረሳሁት!"

ወደ ድልድዩ ተመልሶ ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ አለ፤ እንደ ዳክዬ እየተውረገረገ፣ ስንዝር በስንዝር መጣ።

"ጋሼ፣ ጡጦ እናምጣልዎ?" ብሎ ጮኸ የኤክስካቫተሩ ሹፌር።

"ዝም በል፣ ቁጥር ታጠፋብኛለህ!"

አርባ ላይ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሃምሳ ላይ ወገቡን ያዘ። ስልሳ ሲል ከችግኞቹ አጥር ውጭ፣ ከአንድ የእሾህ ቁጥቋጦ አጠገብ ነበር። የመጀመሪያው መደብ ገና ሩቅ ነው።

"ሞተሩን አጥፋው" አለ። ብረቱን ሰክቶ ተኛ። ብዙ አልቆየም። ከታች ሽሽሽ የሚል ድምፅ ጆሮውን ሞላው።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ" አለ አፉን አፈሩ ላይ አድርጎ። መሐንዲሱ ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

በአካፋ ቆፈሩ። አንድ ሜትር ላይ የድንጋይ ገንዳ ጠርዝ ብቅ አለ፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ የዛገ ቧንቧ ውኃውን ቁልቁል ወደ መደቦቹ ይረጫል።

"ለካ ለዚህ ነው ችግኞቼ ሳላጠጣቸው የሚያድጉት!" አለች ችግኝ ሻጯ። "እኔ በእጄ በረከት ስመጻደቅ!"

ሳቁ ሲበርድ መሐንዲሱ "ይዝጉት ጋሼ" አለ። "ደንቡ የሞተ መስመር ይደፈን ነው የሚለው።"

ጆሮ መድፈኛውን ከቦርሳው አውጥቶ ትንሽ አገላበጠው። መልሶ ከተተውና በምትኩ ሩቢኔት፣ የውኃ መክፈቻ፣ አወጣ።

"ይሄ አልሞተም። ባለቤቶቹ ጥለውት ሲሄዱ እንኳ ሥራውን አላቆመም። የተሰነጠቀውን እኔ እቀይራለሁ፤ አንተ ለዚች ለችግኝ ሻጯ በስሟ ቆጣሪ አስገባላት።"

መሐንዲሱ ጫማውን አየ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። "እሺ፣ ይግባላት" አለ። ከዚያም "እናመሰግናለን፣ ጋሼ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ምዬ ስለጀመርኩ አንዷን ነገር ልናዘዝ። መሐንዲሱ "እሺ" ከማለት በቀር ምንም ሳይል ነው በሩን ዘግቶ የሄደው። ምስጋናዋን የጨመርኩለት እኔ ነኝ፤ ለጆሮ ይገባው ነበራ።