ቀናቸው ያለፈ ጠርሙሶች

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቀጥ አለና በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ የተዋሱት ወንበር ለጎረቤት ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንደ ወትሮው ሲንፎለፎል ተገኘ። ልጁ ያቆመው የባሕር ውሃ ገንዳ ነበር።

የመስታወት ገንዳ ነው። ሁለት ዓሦች አሉበት፤ የቀረው ኮራል ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይሞታል። መሀል ላይ የቆመውን ሐምራዊ ቅርንጫፋም ኮራል ልጁ ሲያመጣው የጣት ጥፍር ያክል ነበር። አሁን በሁለት እጅ አይታቀፍም። አባትየው ይህ ኮራል እንዳይሞትባቸው ነበር የሚፈልጉት። ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

ለማንም ሳይናገሩ በልባቸው አንድ ሕግም አወጡ፤ ልጃቸው በእጁ ከገዛው በቀር ወደዚያ ውሃ ምንም አይገባም። ደግሞስ ምን ጠፍቶ? ልጁ ያየውን ሁሉ የሚሸምት ሰው ስለነበር ከገንዳው ሥር ያለው ቁምሳጥን አፉ ድረስ ሞልቷል። የጨው ባልዲ፣ ለኮራሉ የሚጨመር ዱቄት ጣሳ፣ የመመርመሪያ ጠብታ፣ “ሕያው ባክቴሪያ” የተባለ የውሃ ማጽጃ ጠርሙስ፣ ደርቆ የቀረ የማጣበቂያ ቱቦ፤ ሁሉም አለ።

ምራታቸው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ቁምሳጥኑን ልትወለውል ጎንበስ እንዳለች ጣሳና ጠርሙሱን ማገላበጥ ያዘች።

“አባባ፣ ይሄ ዱቄት ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ይሄም። ይሄኛውማ እኛ ሳንጋባ ነው ያለፈው።”

“አስቀምጪው።”

“እኛ ጋ ቢሆን ተሰብስቦ ይቃጠል ነበር።”

“እናንተ ጋ ምን የማይቃጠል አለ?”

“የምሬን ነው አባባ። ቀኑ ያለፈ ነገር ኃይሉ ይቀንሳል።”

“ይቀንሳል እንጂ ይጠፋል አላልሽም።”

“አላልኩም፣ ግን...”

“በቃ! ከቀነሰ ይጨመርበታል።”

ምራትየው ሳቋ መጣና ዋጠችው። ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ የምታፍር ሆናለች። ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰችው።

አባትየው የልጃቸውን አሠራር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ኖረዋል። ከገንዳው ጥቂት ውሃ ወደ ትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፤ ከዚያ የመመርመሪያው ጠብታ አንድ አንድ እያለ ይንጠባጠብበታል። ውሃው መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኋላ ቢጫ። ቢጫ እስኪሆን ብዙ ጠብታ ከፈጀ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት ነገር ውሃው ውስጥ ሞልቷል ማለት ነው። በጥቂት ጠብታ ቢጫ ካለ ግን ጎድሏልና ዱቄቱ ይጨመራል። ይኸው ነው፤ ምንም ምሥጢር የለውም።

መነጽራቸውን አጥልቀው መረመሩ። ገና ከመጀመራቸው ውሃው ቢጫ አለ።

“ተርቧል” አሉ ለራሳቸው።

ዱቄቱ ኃይሉ ቀንሷል ስለተባለ፣ ልጁ አንድ ማንኪያ ይጨምር በነበረበት ሁለት ጨመሩ። በማግስቱ መረመሩ፤ አሁንም ቶሎ ቢጫ። እንደገና ጨመሩ። “ይሄ ነገር ጠግቦ አያውቅም እንዴ?” እያሉ ሰነበቱ። የሚያበሉት ነገር ማግኘታቸው ግን ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነቁ የሚነሡበት ጉዳይ ነበራቸው።

ውሎ አድሮ የገንዳው ውሃ ማሞቂያ ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ውሃውን የሚያዞረው ሞተርም ማቃሰት ጀመረ። የሐምራዊው ኮራል ጫፎች ኖራ ውስጥ ተነክረው የወጡ መሰሉ።

“የዓሣ ሻጩን እንጥራው አባባ” አለች ምራትየው።

“ባዳ እጁን አይነክርበትም።”

“እኔስ ባዳ ነኝ?”

“አንቺ መች ነክረሽ ታውቂያለሽ?”

በዚህ ተዘጋ። አንድ ጠዋት ግን አንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ብቻ ቆሞ አደረ። አባትየው ፊት ለፊቱ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ዞረው “ጥሪው” አሉ።

ዓሣ ሻጩ ከሲታ ነው፤ ቀበቶው ወገቡን ሁለቴ የሚዞር የሚመስል። ወዳጆቹ “ዓሣ ነባሪ” የሚሉት ለዚሁ ነው። ሟቹ ደንበኛው ነበር። ነፍስ ይማር ብሎ ገባና ገንዳውን ጎንበስ ብሎ አየ። የራሱን ጠብታ ከቦርሳው አውጥቶ መረመረ። አንጠባጠበ፣ አንጠባጠበ፤ ውሃው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ቢጫ እስኪል እጁ ደከመው።

“አባቴ፣ ምን እያደረጉት ነው?”

“እያበላሁት ነዋ።”

“ይሄስ እየለሰኑት ነው።”

ምራትየው ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰውየው የልጁን የጠብታ ጠርሙስ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋና ክዳኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጥፍሩ አሳያቸው።

“ቀኑ ማለፉ ሳያንስ ክዳኑም ተሰንጥቋል። የጠርሙሱ ውሃ እየተነነ የቀረው ጠብታ ወፍሯል። ስለዚህ ጥቂቷ ጠብታም ቢጫ ታደርገዋለች። ውሃው ጠግቦ ሳለ ተርቧል ይልዎታል። ይሄ ጠርሙስ ዋሽቶዎታል።”

“ዱቄቱም እኮ ቀኑ ያለፈ ነው” አለች ምራትየው።

“ዱቄቱ ምን ይሆናል? ከድንጋይ የወጣ ነገር ነው። እርጥበት ካልነካው እኛ ሁላችን አልፈን እሱ ይቆያል።”

“ታዲያ ቀን ለምን ይጽፉበታል?”

“ይጻፍ ተብሎ ነው መሰለኝ።”

አባትየው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። “ሙሉ ኃይሉ ነበረው?”

“ሙሉ።”

“እኔ እጥፍ እጥፉን ነው የሰጠሁት።”

ሰውየው ጭንቁን ሊሸሽ የባክቴሪያውን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። “ይሄኛው ደግሞ ሬሳ ነው” ብሎ፣ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምላሱን ነከሰ። ምራትየው ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቆሻሻው ከረጢት ጣለችው።

“አሁን ምን ይሻላል?” አሉ አባትየው።

“ውሃውን መቀየር። ባንዴ አይደለም፣ እንዲያ ከሆነ ኮራሉ ይደነግጣል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት።”

የልጁ ጨው ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ከርሞ ባልዲው ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ደድሯል። አባትየው በቡጢ መቱት፤ ዕድሜ ልክ መሪ ይዞ የታመመው እጃቸው ነው።

“ቢፈጭስ?”

“ቢፈጭም ውሃውን ወተት ያደርገዋል እንጂ አይሟሟም። እኔ አዲስ ጨው መኪና ውስጥ አለኝ።”

አባትየው ወደ ገንዳው ዞሩ። ምራትየው የልባቸውን ሕግ ነግረዋት ባያውቁም ገብቷት ኖሯል፤ ጠበቀቻቸው።

“ካልተቀየረ?”

“ይሄ የቀረው ቅርንጫፍም ይገፈፋል።”

“እንግዲያው አምጣው።”

ጨዉ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ በሌላ ማሞቂያ ለብ እስኪል ተጠብቆ ገባ። ሰውየው ጋዜጣ አንጥፎ ኮራሉን ከውሃው አወጣና የሞተውን ቅርንጫፍ በመቁረጫ ከደኅነኛው ለየው። ሲቆረጥ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ይላል። በተቆረጠ ቁጥር አባትየው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ሕይወት ያላቸውን ቁራጮች በራሱ ማጣበቂያ በድንጋይ ላይ ተከላቸውና ወደ ገንዳው መለሳቸው። አንዷን ቁራጭ ግን ውሃ በያዘ የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻ አስቀመጣት።

“እሷስ?” አሉ አባትየው።

“ከፈቀዱ እኔ ዘንድ ትሁን። እኛ ኮራል አርቢዎች እንዲህ እናደርጋለን፤ ሁሉንም አንድ ቤት አናስቀምጥም። የእርስዎ ቢሞት ከእኔ ይወስዳሉ። የእኔ ቢሞት ከእርስዎ እወስዳለሁ።”

“ይሞታል ማለትህ ነው?”

“አላውቅም አባቴ።”

አባትየው ምራታቸውን አዩ። እሷ ደግሞ እጇ ላይ የደረቀውን ጨው እያሻሸች ነበር። “የእርስዎ ነው አባባ” አለች።

“የኔስ አይደለም” አሉ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው “ክዳኑን አጥብቀው” ብለው ዕቃውን በገዛ እጃቸው አቀበሉት።

እስከ መኪናው ሸኙት። ሰውየው ዕቃውን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሞተር ሲያስነሣ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

“እዚያ አይደለም፤ ሲታጠፍ ይንሸራተታል። ከወንበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ። ጨርቅ ደግፍበት።”

“እንቁላል እኮ አይደለም አባቴ!”

“ደግፍበት አልኩህ።”

ደገፈበት። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆመው ነበር። ሲመለሱ ምራትየው ወንበር ስባ ገንዳው ፊት ተቀምጣለች። አባትየው አጠገቧ ተቀመጡ። ሲቀየር የደፈረሰው ውሃ ገና አልጠራም።