ሚድዌይ ወይስ ጓዳልካናል

ተማሪዬ ሴና ተነስታ «ተቃራኒያችን ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ተቀብለነዋል» ስትል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አምቦ ውስጥ የክርክር ክበቡን ካቋቋምኩ ጀምሮ ልጆቹ ላይ የምጮኸው አንድ ነገር ነው፤ ለባላጋራችሁ ስንዝር እንዳትለቁ! እሷ ገና ስትጀምር ሁሉንም አስረከበችው።

የዕለቱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓንና አሜሪካ ባሕር ላይ ሲዋጉ ነገሩን የለወጠው የትኛው ውጊያ ነው? ከአዲስ ዓለም ከተማ ቡድን የመጣው ኦሊቃ ሚድዌይ ነው አለ። «ጃፓን በአንድ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሰጠሙባት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቀራት?» ብሎ አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠው። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ አይካድም። አናደደኝ። የእኛ ድርሻ ከዚያ ቀጥሎ ለወራት የዘለቀው የጓዳልካናል ደሴት ውጊያ ነው ብሎ መርታት ነበር።

ከኋላ የሴና አባት ኦቦ ቶኩማ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከወንጪ የመጡት ቁርጡን ሊያውቁ ነው። ክበቡ የሚሰበሰበው ቅዳሜ፣ ገበያውም ቅዳሜ፤ እናትየው የእርሻቸውን ድንች ብቻዋን መሸጥ አቅቷታል። «ቲቸር እንቁ፣ ዛሬ አያታለሁ። ዝም ብሎ ጨዋታ ከሆነ ክበቡ ይቅርባትና ገበያ ትዋል» ብለውኛል። ሴናም ሰምታለች።

ዳኛዋ አንድ ነገር ጻፈች። ነጥብ እየቀነሰችብን መሆኑ ገባኝ። ሴና ግን አልቸኮለችም። የኦሊቃን ነጥቦች አንድ በአንድ ደገመችለትና «እንዲህ ነው ያልከው? የቀረ አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«የለም» አለ ኦሊቃ ግራ ገብቶት።

ያኔ ነው የገባኝ። ኦቦ ቶኩማ ለሽምግልና ሲቀመጡ የባለጉዳዩን ቃል አሟልተው ደግመው፣ «የቀረ አለ?» ሳይሉ ፍርድ አይሰጡም። ልጅቱ ያደገችው ይህን እያየች ነው። እኔ ያስተማርኳትን ትታ የአባቷን ይዛ መጣች!

«እንግዲያው መርከቦቹ ሰጠሙ» አለች። «አብራሪዎቹስ? አብዛኞቹ ከሚድዌይ ተርፈዋል። እኛ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቢሰበር ሌላ ይሠራል፤ ጎበዝ ቀዛፊ ግን በአንድ ክረምት አይገኝም። የጃፓን ምርጥ አብራሪዎች ለወራት እየተመናመኑ ያለቁት ጓዳልካናል ላይ ነው። ከሚድዌይ በኋላ ጃፓን ገና ታጠቃ ነበር፤ ከጓዳልካናል በኋላ ሥራዋ መከላከል ብቻ ሆነ። ስለ አብራሪዎቹ ያልከው ነገር አለ?»

ኦሊቃ ማስታወሻውን አገላበጠ። ምን ይበል? የቀረ የለም ብሏል!

አሸነፍን። ወንበር ላይ ወጥቼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ልጆቹ ሴናን ተሸክመው አዳራሹን ዞሩ፤ ኦሊቃ ራሱ መጥቶ እጇን ጨበጠ።

ኦቦ ቶኩማ ሰዉ እስኪረጋ ጠብቀው ወደ እኛ መጡ። የልጃቸውን ትከሻ ያዝ አደረጉ።

«ድንቹን እኔ እሸጣለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እሁድ እኛ ሽማግሌዎች የእርሻ ድንበር ጠብ እንዳኛለን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከጎኔ ትቀመጫለሽ።»