ለጽጌረዳ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ

ሰውና አበባ እኩል ቢታመሙ ማንን ታስቀድማለህ? አትቸኩል፤ የእሳት አደጋ ጣቢያችን አዛዥ መልሱን ያውቀዋል።

የእህቴ ባል እሳት አጥፊ ነው። ጓደኞቹ «ጥቀርሻ» ይሉታል፤ ስድብ አይደለም፣ ማዕረግ ነው። በዚያ ጣቢያ ካፖርት ማጠብ ነውር ነው። የጠቆረ ካፖርት የጀግና፣ የነጣው ትናንት የተቀጠረ ሰው ነው። የጥቀርሻ ካፖርትማ ከመጠንከሩ የተነሳ መስቀያ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ጥግ ላይ ብቻውን ይቆማል።

ችግሩ ባለቤቱ መቆም እያቃተው መምጣቱ ነው። ሳል ይዞታል። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ እንዲሁ ሲስሉ ሲስሉ ከርመው በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። አዛዡ በሁለቱም ቀብር ላይ «ሲጋራ ጨረሳቸው» ሲል ተናገረ።

እህቴ አላስችል አላት። «ኧረ ጌታዬ፣ አጭሰው አያውቁም።»

«ጎረቤቶቻቸው ያጨሳሉ» አላት።

«እሺ፣ ባሌን ሐኪም ይየው፤ ይላኩልኝ።»

«እሳት ያልፈራ ሰው ለሳል ብሎ ሐኪም ቤት አይሮጥም፣ እመቤት።»

ቤት ስትመለስ ካፖርቱን ልታጥበው አነሳች።

«አንቺ ሴት፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» አለ ጥቀርሻ።

«መሳቂያ ሆነህ ኑርልኝ።»

ቤቷ ውስጥ ልጆች ስላሉ፣ እጣቢው እንዳይነካቸው ጣቢያው ግቢ ወስዳ፣ ከቧንቧው ሥር ዘፍዝፋ አጠበችው። እጣቢው የተቃጠለ ዘይት ይመስል ነበር። ደፋችው፤ የት እንደደፋችው ግን አላየችም። አዛዡ በየማለዳው «ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?» የሚላት ጽጌረዳ ሥር ነበር።

ጥቀርሻ በነጣ ካፖርት ሥራ ሲገባ «ሙሽራው መጣ» አሉት፤ እልልም ያለ አልጠፋም። ሳምንት ሳይሞላ ጽጌረዳዋ ደርቃ ቀረች፣ ሳቁም ቆመ። አዛዡ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የዕፅዋት ባለሙያ አስመጣ። አፈሩ ተመረመረ፣ ግንዷ ተመረመረ፣ ሥሯ ሳይቀር ላቦራቶሪ ገባ። ጥቀርሻ ባለሙያውን ጠጋ ብሎ «እግረ መንገድህን እኔንም ብታየኝ?» ሲለው «ቅጠል አለህ?» አለው።

ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፦ «ጽጌረዳዋ የሞተችው ከእሳት አደጋ ካፖርት በታጠበ መርዘኛ ጥቀርሻ ነው። ስለዚህ ለዕፅዋቱ ደኅንነት ሲባል ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ካፖርት ማጠብ ክልክል ነው።»

ጥቀርሻ አነበበው፣ ሳለ፣ ደግሞ አነበበው። «ይሄን መርዝ እኮ እኔ ለብሼው ነው የኖርኩት» አለ፤ የሰማው አልነበረም፣ አዛዡ አዲስ ችግኝ እያስተከለ ነበር።

እንግዲህ አቶ አዛዥ፣ በዚያው ማስታወቂያ ፊት፣ የሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች ባሉበት ቁምና መልስ። የአንዲት ጽጌረዳ ያህል ክብር ያላገኘው አማቼ መቼ ነው የሚመረመረው? ሁለቱን ሰዎች የገደለው ሲጋራ ከሆነ፣ ጽጌረዳዋስ ታጨስ ነበር?