በቆዳው ሥር የተኙት ርግቦች

አጸደ ጎራዴውን የምትወለውለው በዓመት አንዴ፣ በመጋቢት መድኃኔዓለም ዋዜማ ነው። ጡብ ትወቅጥና በነጠላ ቁራጭ ትነፋዋለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ከዚያ ስለቱን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አራስ ልጅ እንደምታሽ እናት ቀስ እያለች ታሸዋለች። ቀራንዮ ሰፈር ከገባች ጀምሮ ይህን አስታጉላ አታውቅም። አባቷ የቤተ መንግሥት ፈረሰኛ ነበሩ። የሞቱት እሷ ገና ነፍስ ሳታውቅ ስለሆነ መልካቸውን አታስታውስም፤ ፎቶግራፍም አልተዉላትም። "አባቴ" ስትል ትዝ የሚላት ይኸው ጎባጣ ብረትና እጀታው ላይ ያለው የቀንድ ቅዝቃዜ ነው።

እናቷ በኋላ ሌላ ባል አግብታ ሰርኬን ወለደች። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ትሪ በልተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጓትተው ነው ያደጉት። እናታቸው ሞታ ተዝካሯ በወጣ ማግስት ግን በዚህ ጎራዴ ተኳረፉ። ሰርኬ "የእማዬ አባት ጎራዴ ነው፤ እማዬ ይዛው ነው የተዳረችው፤ የሁለታችንም ነው" አለች። አጸደ ደግሞ "አባቴ ፈረሰኛ ሲሆኑ ቤተ መንግሥት ከሳጥን አውጥቶ የሰጣቸው ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም" አለች። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንዷ ቤቴል፣ አንዷ ቀራንዮ፣ ሰላምታቸው እንኳ በልጆቻቸው አፍ ሆነ።

ዘንድሮ የሰርኬ ልጅ የኔሰው ሊያገባ ነው። ሰርኬ ልጇ ጎራዴውን ታጥቆ ከቤት እንዲወጣላት ተመኘች፤ መጥታ ለመለመን ግን ኩራቷ አልፈቀደላትምና የሁለቱም ወዳጅ የሆነችውን እትዬ ሸዋገነትን ላከች።

"አንቺ አጸደ፣ ተኝቶ ከሚዝግ ልጁ አንድ ቀን ቢታጠቀው ምን አለበት?" አለች ሸዋገነት።

"ሲዝግ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"እሱስ አልዛገም። የዛገው የእናንተ አንጀት ነው።"

አጸደ ነደዳት። ነገሩ እርግጥ ስለነበረላትም አፏ ቀደማት። "በይ ስሚኝ። ይህ ጎራዴ አባቴ ሲቀጠሩ አዲስ የነበረ ነው። አሮጌ ሆኖ ከተገኘ የእናቴ ነው፤ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ቤቴል አደርስላታለሁ። መድኃኔዓለም ይስማኝ።"

"ማን ነው የሚያጣራው?"

"ባሌ ምን ሊሠራ ተቀምጧል?"

ባሏ ገዳ አየር ጤና ላይ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሱቁን ከዘጋ በኋላም ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ትንሿን ማጉያ አልጣላትም። ሰዓትም ይሁን ጎራዴ፣ ብረት የሠሪውን ምልክት ሳይዝ ከፋብሪካ አይወጣም ባይ ነው። በማግስቱ ረፋድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጎራዴውን ከአፎቱ መዘዘና ስለቱ ከእጀታው የሚገናኝበትን ቦታ ግራ ጎኑን አገላብጦ አየ።

"ምልክቱ የሚመታው እዚህ ጋ ነበር" አለ። "አሁን ግን ልሙጥ ነው፤ የሕፃን ጉንጭ መስሏል።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"በልተሽዋል አጹ። በጡብና በሎሚ ስትፈትጊው ኖረሽ ፋብሪካውን ከነሠራተኞቹ ከእጣቢ ጋር ደፍተሽዋል።"

"እንዲያው አንተ ሰው፣ ንጽሕናም ወንጀል ሆነ?"

"ለብረት አዎ።"

ገዳ እየሳቀ ጎራዴውን ገለበጠው። በቀኝ ጎኑ፣ ከእጀታው ወርዳ ስለቱ ላይ የምታርፍ ቀይ የቆዳ ምላስ አለች፤ በወፍራም ክር ከእጀታው ጋር ተሰፍታለች። አጸደ ስትወለውል እጇ እዚያ አይደርስም። "ይቺን አባትሽ ናቸው የሰፏት" ብላት ነበር እናቷ፤ ሌላ አልጨመረችላትም።

"ከዚህ ሥር ሌላ ምልክት ሳይኖር አይቀርም" አለ ገዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለማየት ግን መፈታት አለባት።"

አጸደ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች። የአባቷ እጅ ሥራ እሷ የምታውቀው ያቺኑ ስፌት ብቻ ነው።

"ልተወው? አልተነበበም ብዬ ለሸዋገነት እነግራታለሁ። ውሸትም አይደለም።"

"ምላጭ አምጣ።"

"እኔ ልቁረጠው?"

"አንተ ሰዓትህን ፍታ። ይሄን እኔ እፈታለሁ።"

ክሩን አንድ በአንድ እየበጠሰች ቁርጥራጩን በመሃረቧ ጫፍ ቋጠረች። ምላሷ ስትነሳ ሥሯ ያለው ብረት ጠቁሮ ታየ። ሎሚ አልነካውም፤ ጡብም አልደረሰበትም። መሃሉ ላይ ምልክቱ ትናንት የተመታ ይመስል ቁልጭ ብሏል። ገዳ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ በየአገሩ ያሉ የጎራዴ ወዳጆች ወደተሰባሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ላከው።

መልሱ ሳይመሽ መጣ። ገዳ አነበበው፤ ደግሞም አነበበው፤ ስልኩንም ኪሱ ከተተ።

"ምን አሉህ?"

"ኔትወርኩ ይቆራረጣል።"

"አባ ሌሊሴ" አለችው፤ በልጃቸው ስም ከጠራችው ቀልድ የለም ማለት ነው።

"አንዱ እንዲህ ይላል፣ አንዱ እንዲያ ይላል። ግልጽ አይደለም ነው የሚሉት።" ይህን እያለ ጆሮውን ያሽ ነበር።

"ጆሮህን ተውና ንገረኝ" አለች አጸደ። ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሲዋሽ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግራትም።

ገዳ እጁን አወረደ። "ምንቃር ለምንቃር የገጠሙ ሁለት ርግቦች ናቸው። የጀርመን ሠሪ ምልክት ነው። በእኛ አቆጣጠር እስከ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያዎቹ ድረስ ነበር የሚመታው፤ ከዚያ ርግቦቹን ትቶ ስሙን መጻፍ ጀመረ።"

"አባቴስ ያን ጊዜ?"

"አልተወለዱም።"

በአጥሩ ማዶ የሚያልፍ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ። ገዳ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። "ግን እኮ አጹ፣ ቤተ መንግሥትም ከግምጃ ቤት አሮጌ ያድላል። እንደዚያ ብንል ማን ይከራከረናል?"

አጸደ ማጉያዋን ከእጁ ወስዳ ራሷ አየች። ርግቦቹ የምስር ፍሬ አያህሉም። አባቷ በዚህች ቆዳ ያለበሷቸው የአማታቸው ርግቦች ኖረዋል ለካ።

"'አባቴ ሲቀጠሩ አዲስ የነበረ' ብያለሁ" አለች። "ሸዋገነት ሰምታለች። እሱም ሰምቷል።" አገጯን ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቀሰረች።

በነጋታው ጎራዴውን በጋቢ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ገዳ እስከ አየር ጤና ሸኛት፤ ልያዝልሽ ቢላት እምቢ አለች። የቤቴል ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ጥቅሉን አይቶ ቅንድቡን አነሳ።

"ማዘር፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?"

"የመጋረጃ ብረት።"

"የመጋረጃ ብረት ይጎብጣል እንዴ?"

"መስኮቴ ጎባጣ ነው። ምን ልሁን?"

ተሳፋሪው ሳቀ። አጸደ ጥቅሉን እንዳቀፈች ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሰርኬ በሩን የከፈተችው ለሠርጉ ሽንኩርት ስትከትፍ በነበረበት እጇ፣ ቢላዋውን እንደያዘች ነው። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"የእማዬ ነው" አለች አጸደ። "አባቴ ሳይወለዱ የተሠራ ነው። ለልጅሽ።" ገብታ ጥቅሉን ሶፋው ላይ አስተኝታ ለመውጣት ዞረች።

ሰርኬ ጋቢውን ገለጥ አደረገችና የተፈታችውን ቆዳ አየች። "ይቺን ማን ፈታት?"

"እኔ።"

"እትዬ አጹ..." ሰርኬ ቢላዋውን አስቀመጠች። "አባትሽ እኮ ግራኝ ነበሩ።"

አጸደ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። "ማን አለሽ?"

"እማዬ ናታ። ጎራዴው በቀኝ ለሚይዝ ሰው የተሠራ ነው፤ እሳቸው ሲይዙት አውራ ጣታቸው እዚህ ጋ እያረፈ ብረቱ ይፍቃቸው ነበር። ለዚያ ነው ቆዳ የሰፉበት። ስፌት ደግሞ አይችሉም። መርፌው ሲወጋቸው ይሳደባሉ፤ እማዬ ትስቃለች፤ አንቺ ክሩን እየጎተትሽ ስታስቸግሪያቸው 'ኧረ ይህችን ልጅ አንሺልኝ' ይላሉ።"

"ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"ላንቺ ልትነግር ስትጀምር ልቅሶ ይቀድማታል። እኔ አላውቃቸውም፤ ስለ ጎረቤት እንደማውራት ቀለላት።"

አጸደ የበሩን እጀታ ለቀቀች። "ሌላስ ምን ነግራሻለች?"

"ኧረ ብዙ ነው። ፈረሳቸው በጥጋቡ ገበያ መሃል የጣላቸውን፣ እማዬን ሊያጩ መጥተው የሌላ ሰው ቤት የገቡትን..." ሰርኬ በክንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። "ግን ሽንኩርቱ አላለቀልኝም።"

አጸደ ነጠላዋን አጣጥፋ ሶፋው ላይ፣ ከጎራዴው ጎን አኖረችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ሌላ ቢላዋ ስጪኝ" አለች። "ከፈረሱ ጀምሪ።"